ከባቄላ ሥር እስከ ባክቴሪያ ጅራፍ፦ ውስብስብ አካል ከየት ይመጣል?

በመስከረም መጨረሻ ስናን ወረዳ፣ ከረቡዕ ገበያ ብዙም ሳይርቅ፣ የአጎቴ ልጅ ባቄላ ማሳ ውስጥ ቆሜ ነበር። በዕድሜ ይበልጠኛል፤ በአገራችን ልማድ «አያ» ነው የምለው። ባቄላው ከታች እሸት ይዟል፣ ከላይ ገና ያብባል። «አያ፣ አንድ እግር ልንቀልብህ?» አልኩት። «ነቅለህ ምን ልታደርግበት? ይልቅ እሸቱን ብላ» አለኝ። ቢሆንም ራሱ በዶማ ዙሪያውን ፈልፍሎ ከነአፈሩ አወጣልኝ።

ሥሩን በውሃ ስናጥበው ምስር የሚያካክሉ እባጮች ተደርድረውበት አየን። አያ ዕድሜውን ሙሉ ሲያያቸው በሽታ ይመስሉት ነበር። መለየቱ አይከብድም። በጥቃቅን ትሎች የተጎዳ ሥር ራሱ ስለሚያብጥ እባጩ ከሥሩ አይነጠልም፤ ይኼኛው ግን ከሥሩ ጎን የተለጠፈ በመሆኑ በጣት ሲነኩት ይረግፋል። አንዱን በምላጭ ለሁለት ከፈልኩት። ውስጡ እንደ ጥሬ ሥጋ ቀይ ነው። «ደም አለው እንዴ?» አለ አያ። ጥያቄው እሱ ከገመተው በላይ ወደ እውነቱ የቀረበ ነበር። ያን ቅላት የሚሰጠው ፕሮቲን የእኛን ደም ከሚያቀላው ከሄሞግሎቢን ጋር ዘመድ ነው፤ ሥራውም ያው ኦክስጅንን ይዞ ማመላለስ ነው።

እባጩን የሞሉት ራይዞቢየም የሚባሉ ባክቴሪያዎች ናቸው። ከአየር ናይትሮጅን እየያዙ ለባቄላው ይሰጣሉ፣ ባቄላው ደግሞ ስኳር ይመግባቸዋል። ይህን የግብርና ባለሙያዎች ደጋግመው ስለሚነግሩን ብዙ ሰው ሰምቶታል። እኔን ያን ዕለት ከማሳው ያቆመኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ባክቴሪያን «ተራ ፍጥረት» አድርጎ የሳለልን የትምህርት ቤት ሥዕል ባለፉት ዓመታት እየተቀየረ ነው፤ ለውጡን ለመረዳት ደግሞ ከአንድ የባቄላ ማሳ የተሻለ ቦታ አላውቅም።

ትምህርት ቤት የተማርነው ይህ ነው፦ ባክቴሪያ ኒውክሊየስ የለውም፣ በሽፋን የተከለሉ ክፍሎችም የሉትም፤ ዘረመሉ ሳይለይ ከሌላው ሁሉ ጋር ተደባልቆ በአንድ ከረጢት ይኖራል። የእኛ፣ የባቄላውና የእርሾው ሕዋስ ግን ሳሎንና ጓዳው የተለየ ቤት ነው። ልዩነቱ በጥቅሉ እውነት ነው። ነገር ግን በ2022 ሳይንቲስቶች በካሪቢያን ባሕር ከምትገኘው ከጓዴሎፕ ደሴት የባሕር ዳርቻ ረግረግ የተገኘ አንድ ባክቴሪያ ይፋ አደረጉ። ርዝመቱ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ያለ ማይክሮስኮፕ እንደ ነጭ ክር ይታያል። ከመጠኑ በላይ የሚያስገርመው ዘረመሉን በሽፋን በተከለሉ ጥቃቅን ከረጢቶች ከፋፍሎ መያዙ ነው። ከዚያ በፊትም ቢሆን የባክቴሪያ ሕዋስ ባዶ ከረጢት እንዳልሆነ ይታወቅ ነበር። ለእኛ ሕዋስ ምሰሶና ማገር የሚሆኑት ፕሮቲኖች ዘመዶቻቸው በባክቴሪያ ውስጥ ተገኝተዋል። በብረት ማዕድን የተሞሉ ከረጢቶችን በመስመር ደርድረው የመሬትን መግነጢሳዊ መስክ ተከትለው የሚዋኙም አሉ።

እንዲህ ያለው ውስብስብ አካል ታዲያ በየት በኩል መጣ? ጥያቄው የባለሙያዎች ብቻ አይደለም። በእኛም ዘንድ፣ በሰንበቴውም በካፌውም፣ ስለ ዝግመተ ለውጥ ሲነሣ የሚቀርብ ሙግት አለ፤ ቁም ነገር ያለው ሙግት ስለሆነ በቁም ነገር መመለስ አለበት። በጎጃም ገበሬ ቋንቋ ላስቀምጠው። ከሞፈር፣ ከቀንበር፣ ከእርፍ፣ ከድግር፣ ከማረሻው ብረትና ከምራኑ አንዱን ብታጎድል በሬዎቹ ቆመው ይውላሉ እንጂ አይታረስም። ምራኑ ከተበጠሰ ግማሽ እርሻ የሚባል ነገር የለም። እንግዲህ ሁሉም ክፍል ካልተሟላ የማይሠራ መሣሪያ ጥቂት በጥቂት እንዴት ሊሠራ ቻለ? ገና ሳይሟላ ምን ጥቅም ሰጥቶ ቆየ?

በአሜሪካ ይህን ሙግት በ1996 ያራመደው ማይክል ቢሂ የሚባል የባዮኬሚስትሪ መምህር ነው፤ ዋና ምሳሌው ደግሞ የባክቴሪያ መዋኛ አካል ነበር። ክርክሩ በ2005 በፔንሲልቬኒያ ዶቨር በምትባል ከተማ ጉዳይ የፌዴራል ፍርድ ቤት ድረስ ደርሶ፣ ዳኛው እንዲህ ያለ መሣሪያ ያለ ነዳፊ ሊገኝ አይችልም የሚለው ሐሳብ ሳይንስ አይደለምና በሳይንስ ክፍለ ጊዜ ሊሰጥ አይገባም ብለው ወሰኑ። እኔ ግን የፍርድ ቤት ውሳኔ ለአንባቢ በቂ መልስ ነው ብዬ አላምንም። መልሱ ያለው መሣሪያው ላይ ነው።

መሣሪያው ፍላጀለም ይባላል። ቃሉ በላቲን ትንሽ ጅራፍ ማለት ስለሆነ ከዚህ በኋላ ጅራፍ ልበለው። ለረጅም ጊዜ ሳይንቲስቶችም እንደ ጅራፍ ወዲያና ወዲህ የሚወናጨፍ መስሏቸው ነበር። በ1973 ሃዋርድ በርግና ሮበርት አንደርሰን አይወናጨፍም፣ ይሽከረከራል ብለው ተከራከሩ። በዓመቱ ማይክል ሲልቨርማንና ሜልቪን ሳይመን የባክቴሪያውን ጅራፍ ከመስታወት ጋር አጣበቁት። ጅራፉ ሲያዝ ባክቴሪያው ራሱ በመስታወቱ ላይ መሽከርከር ጀመረ። እንዝርቱን አጥብቀህ ብትይዘው ፈታዩዋ እንደ መሾር ነው። ከዚያ በኋላ የተጠራጠረ አልነበረም።

ከሥሩ ያለው ሞተር ስፋቱ 45 ናኖ ሜትር ገደማ ነው፤ ከ20,000 በላይ የሚሆኑት ጎን ለጎን ቢደረደሩ አንድ ሚሊ ሜትር ይሞላሉ። በኢ. ኮላይ ባክቴሪያ በሰከንድ እስከ 300 ጊዜ ያህል ይዞራል። ነዳጁን ለመረዳት የወንዝ ዳር የውሃ ወፍጮ ማሰብ ይበቃል። ባክቴሪያው የሃይድሮጅን ቅንጣቶችን (ፕሮቶኖችን) ከሽፋኑ ውጭ ያጠራቅማል፤ እነሱ በጠባብ ቦይ ተመልሰው ሲገቡ መዘውሩን ይገፉታል። አሠራሩም ይገርማል። የጅራፉ ክር እስከ 20,000 ከሚደርሱ ተመሳሳይ ፕሮቲኖች የተገነባ ሲሆን መካከሉ እንደ ሸምበቆ ክፍት ነው። እያንዳንዱ ፕሮቲን እንደ ተፈታ ክር ሆኖ በዚያ ቀዳዳ ውስጥ ያልፍና ጫፉ ላይ ሲደርስ ተጣጥፎ ይቀመጣል። ስለዚህ ጅራፉ የሚያድገው እንደ ጸጉር ከሥሩ ሳይሆን ከጫፉ ነው።

ይህን ሁሉ ሳነብ ሙግቱ ለምን ብዙ ሰው እንደማረከ ገባኝ። ታዲያ መሣሪያውን ክፍል በክፍል ፈትተው ሌላ ቦታ ዘመድ እንዳለው የፈለጉት ሰዎች ምን አገኙ? ወደ እርሻው ልመለስ። ምራን የቆዳ ጠፍር ነው። ጠፍር ለእርሻ ብቻ የተገኘ ነገር አይደለም፤ ጭነት ያስራል፣ አልጋ ይጠፈርበታል። ማረሻውን የቀጠቀጠው አንጥረኛ ያንኑ ብረት ለዶማና ለመጥረቢያ ያውለዋል። እርሻው ሲፈርስ ክፍሎቹ ሥራ አያጡም። ከጅራፉም የተገኘው ይኸው ነው። መዘውሩን የሚገፉት ፕሮቲኖች ብረትን ወደ ሕዋስ ከሚያስገባ የሌላ መሣሪያ ፕሮቲኖች ጋር ዘመድ ናቸው፤ በሁለቱም ውስጥ አምስት ፕሮቲኖች ሁለቱን ከብበው ይቆማሉ። ፕሮቲን ወደ ውጭ ለመላክ ኃይል የሚያቀርበው ክፍል ደግሞ ሕዋሳት ኤቲፒ የሚባለውን የኃይል ስንቃቸውን ከሚያመርቱበት ማሽን ጋር አንድ ዘር ነው። ክሩን የሚሠሩት፣ ማጠፊያውን የሚሠሩትና ዘንጉን የሚሠሩት ፕሮቲኖችም ብዙዎቹ እርስ በርሳቸው ይመሳሰላሉ፤ አንድ ጂን ተባዝቶ ቅጂው ሌላ ሥራ ሲይዝ የሚተወው አሻራ ነው።

ከሁሉ በላይ የሚያስረዳኝ ግን መርፌው ነው። የታይፎይድ ባክቴሪያ፣ በደም ተቅማጥ የሚያሰቃየው ሺጌላና ሌሎችም ፕሮቲኖቻቸውን በቀጥታ ወደ ሰው ሕዋስ የሚወጉበት መርፌ አላቸው። መርፌው ከጅራፉ የታችኛ ክፍል ጋር እጅግ ይመሳሰላል፤ በመሠረቱ መዋኛው የቀረ፣ መላኪያው የቀጠለ ጅራፍ ነው ማለት ይቻላል። ሺጌላ ጅራፍ የለውም፣ አይዋኝም፤ መርፌው ግን በደንብ ይሠራል።

እዚህ ላይ አንድ ስሕተት ማረም አለብኝ፤ ዝግመተ ለውጥን የሚደግፉ ብዙ ጽሑፎች ይሠሩታል። መርፌው መጀመሪያ መጣ፣ ጅራፉ ከመርፌው ተወለደ ይላሉ። በ2012 የወጣ የብዙ ባክቴሪያዎች ዘረመል ንጽጽር የሚያሳየው ተቃራኒውን ነው። ጅራፉ ቀደመ፤ ከዚያ መዋኛ ክፍሎቹን የጣለ አንድ የጅራፍ ዘር መርፌ ሆነ፤ የውጭውን ሽፋን የሚበሳውን ቀለበት ደግሞ ከሌላ መሣሪያ ወሰደ። ስለዚህ መርፌው የጅራፉ አባት ሳይሆን ልጁ ነው። ታዲያ ይህ ለሙግቱ የሚሰጠውን መልስ ያዳክመዋል? አያዳክመውም። የሙግቱ መሠረት «አንድ ክፍል ከጎደለ ምንም አይሠራም» የሚለው ነበር፤ መርፌው ደግሞ ግማሽ የሚያህለው ጎድሎም ሌላ ሥራ እንደሚሠራ በተግባር ያሳያል። ጅራፉ ራሱ ከመወለዱ በፊት የነበረው ዝርዝር ታሪክ ግን በቢሊዮን ዓመታት የሚቆጠር ስለሆነ ከዘመዶቹ እየተነሡ መገመት እንጂ ደረጃ በደረጃ ማየት አይቻልም።

ይህ መርፌ ለእኛ የሩቅ ወሬ አይደለም። የዓይን ማዝ የምንለውን ትራኮማን የሚያመጣው ክላሚዲያ የሚባለው ባክቴሪያ ወደ ዓይን ሽፋን ሕዋስ የሚገባውና በውስጡ ተደላድሎ የሚኖረው በዚሁ ዓይነት መርፌ እየታገዘ ነው። የአማራ ክልል በዓለም ትራኮማ ከከፋባቸው አካባቢዎች አንዱ ነው። አያቴ ከአንገቷ ማተብ ጋር ወረንጦ ታንጠለጥል ነበር። በሽታው ደጋግሞ ሲይዛት የዓይኗ ቆብ ተኮማትሮ ሽፋሽፍቷ ወደ ውስጥ ዞሮ ብሌኗን ይወጋት ስለነበር፣ ጠዋት ፀሐይ ላይ ተቀምጣ በዳሰሳ ትነቅለው ነበር። ሲያመልጣት እኔን ትጠራኛለች። ያን ጸጉር በወረንጦ ጫፍ ስይዝ እጄ ሲንቀጠቀጥ ትዝ ይለኛል። መድኃኒት ሰሪዎች ዛሬ ባክቴሪያውን ሳይገድሉ መርፌውን ብቻ የሚያደነዝዝ መድኃኒት ይፈልጋሉ፤ ባክቴሪያ መድኃኒት በሚለማመድበት በዚህ ዘመን ሐሳቡ ትልቅ ነው። መርፌው የጅራፍ ዘመድ መሆኑን ማወቅ ደግሞ አሠራሩን ለመረዳት ይረዳል። የዝግመተ ለውጥ ነገር የትም የማይደርስ ክርክር ነው ለሚሉኝ ወዳጆቼ ዘወትር የምነግራቸው ይህን ነው።

ከባቄላው ማሳ ሳንወጣ ሌላም እንይ። በዚያ ቀን አንዳንዱ የባቄላ ቀንበጥ ላይ ክሽክሽ ወጥቶበት ነበር። ክሽክሽ የሚመጠው የተክል ጭማቂ ስኳሩ እንጂ ሌላ ንጥረ ነገሩ አናሳ ስለሆነ ብቻውን አያኖረውም። የጎደለውን የሚሠሩለት በሆዱ ውስጥ፣ በተለዩ ሕዋሳት የሚኖሩ ቡክኔራ የሚባሉ ባክቴሪያዎች ናቸው። ከእናት ወደ ልጅ እየተላለፉ በመቶ ሚሊዮኖች ለሚቆጠሩ ዓመታት ሳይለያዩ ኖረዋል። በቆይታቸው አብዛኛውን ዘረመላቸውን ጥለዋል። የአተር ክሽክሽ ቡክኔራ ዘረመል 640,000 ፊደል ያህል ነው፤ ከሩቅ ዘመዱ ከኢ. ኮላይ 4.6 ሚሊዮን ጋር ሲተያይ ሲሶም አይሞላ። ቡክኔራ የሚዋኝበት የለውም፣ የጅራፉን ክር የሚሠራው ጂንም ጠፍቷል። ሆኖም በማይክሮስኮፕ ሲታይ ገላውን የሸፈኑት በመቶዎች የሚቆጠሩ የጅራፍ ሥሮች ናቸው፤ ክር የሌላቸው ጉቶዎች። ተመራማሪዎች ለመዋኛነት ሳይሆን ለማመላለሻነት ይውላሉ ብለው ያምናሉ። ከሺጌላ መርፌ ጋር ሳይገናኝ፣ በሌላ መንገድ፣ ያው ጅራፍ ለሌላ ሥራ ዋለ ማለት ነው።

ለውጡ በዓይን ሲታይ ማየት ለሚሻም በ2015 የታተመ አንድ ሙከራ አለ። ተመራማሪዎች የአንድ የአፈር ባክቴሪያን የጅራፍ ጂኖች በሙሉ የሚያዘውን ዋና ጂን አወጡበት። ባክቴሪያው መዋኘት አቃተው፤ በሳህኑ መካከል ያለውን ምግብ ጨርሶ መራብ ጀመረ። በ96 ሰዓት ውስጥ ግን የሚዋኙ ብቅ አሉ። ናይትሮጅንን ይቆጣጠር የነበረ ሌላ ፕሮቲን በሁለት ተከታታይ ለውጦች የጠፋውን አለቃ ሥራ ተክቶ ያዘ፤ ዋጋውም የናይትሮጅን ቁጥጥሩ መዛባቱ ነበር። ሙከራውን ከሆነው በላይ ማግነን አልፈልግም። ጅራፉ ከባዶ አልተፈጠረም፤ ጂኖቹ ነበሩ፣ የጠፋው የሚያዛቸው ብቻ ነበር። የሚያሳየው ነገር ግን ትንሽ አይደለም፦ ተፈጥሮ የጎደለውን ለመሙላት አዲስ ዕቃ ፍለጋ አይሄድም፤ እጁ ላይ ያለውን ያዞራል።

አሁን ወደ ቀዩ እባጭ። የባቄላው ራይዞቢየም አፈር ውስጥ ሳለ ባለ ጅራፍ ነው፣ እየዋኘ ሥሩን ይፈልጋል። ወደ ሥሩ ከገባ በኋላ ባቄላው በራሱ ሽፋን ይጠቀልለዋል፣ ልዩ ፕሮቲኖችንም ይልክበታል። በባቄላ፣ በአተርና በምስር ላይ የሚሆነው የሚደንቅ ነው። ባክቴሪያው ያብጣል፣ ዘረመሉን ደጋግሞ ያባዛል፣ ከእንግዲህ ግን ሊከፈልና ወደ አፈር ተመልሶ ሊባዛ አይችልም። ናይትሮጅን ብቻ እየያዘ ያረጃል። ባክቴሪያ ነው ወይስ የባቄላው አካል? መልሱ በመካከል ያለ ነው። ቢሆንም አንድ ትልቅ ነገር ይጎድለዋል፤ ፍሬው ውስጥ አይገባም። የሚዘራው ባቄላ ባዶውን ነው የሚዘራው፤ በየዓመቱ ሥሩ አዲስ ባክቴሪያ ከአፈር መጥራት አለበት።

ቡክኔራ ይህን ደረጃ አልፏል፣ ይወረሳል። ከሱም ያለፈ በ2024 ተገኘ። በባሕር የሚኖር አንድ ሕዋስ ብቻ ያለው አልጌ ውስጥ ናይትሮጅን የሚይዝ ባክቴሪያ እንዳለ ይታወቅ ነበር፤ ዘረመሉን መጀመሪያ ያገኘው ጆናታን ዜር የሚባል አሜሪካዊ ተመራማሪ ነው፣ በ1998። ጃፓናዊቷ ኪዮኮ ሃጊኖ አልጌውን በላቦራቶሪ ማሳደግ ከቻለች በኋላ ነበር ነገሩ የጠራው። ባክቴሪያው የሚከፈለው ከአልጌው ጋር ተራውን ጠብቆ ነው፤ ከሚያስፈልጉት ፕሮቲኖች ብዙዎቹንም ራሱ ሳይሆን አልጌው ሠርቶ ይልክለታል። ስለዚህ ባክቴሪያ መባሉ ቀርቶ የሕዋስ ክፍል ሆነ ተባለና ናይትሮፕላስት የሚል ስም ወጣለት። የአብሮነቱ ዕድሜ 100 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ይገመታል።

በመጨረሻው ደረጃ ላይ ያለው ደግሞ አያም እኔም በአብዛኞቹ ሕዋሶቻችን የተሸከምነው የሕዋስ ኃይል ማመንጫ፣ ሚቶኮንድሪያ ነው። ሊን ማርጉሊስ በ1967 ሚቶኮንድሪያ ጥንት ራሱን ችሎ ይኖር የነበረ ባክቴሪያ ነው ብላ ስትጽፍ የተቀበላት ጥቂት ነበር፤ ዛሬ የሚጠራጠር ባለሙያ የለም ማለት ይቻላል። በሰው ሚቶኮንድሪያ ውስጥ የቀሩት ጂኖች 37 ብቻ ናቸው። እንግዲህ በአንድ ቀን፣ በአንድ ማሳ፣ በየዓመቱ የሚጠራውን ራይዞቢየም፣ የሚወረሰውን ቡክኔራና መላ ማንነቱን አስረክቦ የቀረውን ሚቶኮንድሪያ አብሮ ማየት ይቻላል። በመካከላቸው የጎደለውን ደረጃ ባሕሩ አሟላው። የመጀመሪያውና የመጨረሻው ብቻ ሲታይ የማይዘለል ገደል ይመስላል፤ መካከሉ ሲሞላ ግን ቁልቁለት መንገድ ሆኖ ይገኛል።

ይህን በቀላል ቃል ለአያ ስነግረው ዝም ብሎ ሰማኝና የሁላችንንም ጥያቄ ጠየቀ፦ «ታዲያ ለጤፉስ? ለስንዴውስ ይኸን አታረጉለትም?» ጥያቄው ከማዳበሪያ ዋጋ የመጣ ነው። ዩሪያ ከውጭ እየገባ፣ በወቅቱ ሳይደርስ እየቀረ፣ ሲደርስም ኪስ እየበላ ነው። ለዩሪያ የሚሆነውን ናይትሮጅን ከአየር ለመያዝ ፋብሪካው ከ400 ዲግሪ በላይ ሙቀትና የከበደ ግፊት ይፈልጋል። ባክቴሪያው ግን በጮቄ ብርድ፣ እባጩ ውስጥ ያንኑ ይሠራል። ናይትሮፕላስት ሲገኝ በዓለም ዙሪያ ብዙ ሰው የተነቃነቀው፣ በእህል ሕዋስ ውስጥም እንዲህ ያለ ክፍል ማኖር ይቻል ይሆናል በሚል ተስፋ ነው።

ተስፋውን አልንቅም፤ ነገር ግን ለአያ የነገርኩት እውነቱን ነው። ናይትሮጅን የሚይዘው ኢንዛይም ኦክስጅን ሲነካው ይበላሻል፤ ለዚህ ነው እባጩ ቀይ የሆነው፣ ኦክስጅኑን የሚቆጣጠር ስላለው። ኃይልም ይበላል፤ አንድ የናይትሮጅን ሞለኪውል ለመያዝ ቢያንስ 16 ኤቲፒ ያስፈልገዋል። በዚያ ላይ ከዘር ወደ ዘር መተላለፍና ፕሮቲን መቀበል አለ። አልጌው ይህን ለማስማማት ሚሊዮኖች ዓመታት ነበሩት። በላቦራቶሪ እየተሠራ ነው፤ ገበሬ ማሳ የደረሰ እህል ግን የለም። ለዘንድሮና ለከርሞ የሚሆነው ያለን ነገር ነው፦ ባቄላና ግብጦ ከእህሉ ጋር ማፈራረቅ፣ ለሰብሉ የሚስማማውን ባክቴሪያ ዘሩ ላይ ለውሶ መዝራት፣ አሲዳማ አፈርን በኖራ ማከም። ግብጦ አሲዳማ አፈር ላይ መቻሉን የአዊና የምዕራብ ጎጃም ገበሬ ከማንም በፊት ያውቃል፤ ምሬቱን በወራጅ ውሃ ለቀናት እየዘፈዘፈ ያወጣዋል።

ልንወጣ ስንል አያ «ያችን ምላጭ ስጠኝ» አለኝና ወደ ማሳው ላይኛ ጫፍ ሄዶ ሌላ እግር ነቀለ። እባጮቹ አምስት ስድስት ነበሩ፣ ትንንሽ። አንዱን ራሱ ከፈለው። ውስጡ ቀይ አልነበረም፤ ነጣ ያለ፣ ወደ አረንጓዴ የሚያደላ። ምላጩን እንደያዘ ማሳውን ቁልቁል አየና «ገብሱም የሚቀጭጭብኝ እዚሁ ላይ ነው» አለ፤ ከሥሩ ሥር አንድ እፍኝ አፈር ዘግኖ በነጠላው ጫፍ ቋጠረ።